የድረ ገጹ አባት ማን ይባላል?

እሑድ ረፋድ ላይ ጎረቤታችን እማማ ስልካቸውን እንደታመመ ሕፃን በሁለት እጃቸው ይዘው ገቡ። ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። «አንተ የተማርክ አይደለህ፤ እስቲ ይህን እየው» ብለው አቀበሉኝ። ልጃቸው ዓምና ዲቪ ሞልታ ነበር። አሁን በቴሌግራም መልእክት መጥቷል፤ «እንኳን ደስ አለሽ» ይላል፤ ከሥሩ ሊንክ አለ። ነካሁት። የአሜሪካ ባንዲራ፣ የነፃነት ሐውልት፣ ከላይ በስተግራ ደግሞ ክንፉን የዘረጋ ንስር ያለበት ክብ ማኅተም ብቅ አለ። ወረድ ሲሉ የቪዛው ሂደት እንዲጀመር 330 ዶላር በሦስት ቀን ውስጥ በሐዋላ ይላክ ይላል። ተቀባዩ መሥሪያ ቤት አይደለም፤ የአንድ ግለሰብ ስም ነው።

«ውሸት ነው እማማ» አልኳቸው።

«በምን አወቅህ?»

«ያስታውቃል።»

«ለእኔ አላስታወቀኝም» አሉ ቆጣ ብለው። «ማኅተሙን አላየኸውም? ደግሞስ ውሸት ቢሆን ክፍያው 330 መሆኑን ከየት ያውቁታል? የእህቴ ልጅ ሲሄድ የከፈለው ይህንኑ ነው።»

መልስ አጣሁ። ያልኩት ትክክል ነበር፤ ምክንያቴ ግን ለሌላ ሰው የሚተርፍ አልነበረም። «ያስታውቃል» የሚባለው ነገር የሚያስታውቀው ለሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ስለ ሐሰተኛ ድረ ገጽ የምንሰጠው ምክር አብዛኛው እንዲሁ ነው፤ «ተጠንቀቁ»፣ «የማታውቁትን አትንኩ»። እማማ እኮ ተጠንቅቀዋል! ማኅተም ፈልገዋል፤ የክፍያውን ልክ ከሚያውቁት ጋር አመሳክረዋል፤ ብሩን ከመላካቸው በፊት ደግሞ ጎረቤት ጠይቀዋል። ከሦስቱ የጠቀማቸው የመጨረሻው ብቻ ነው። ለምን እንደሆነ ያን ዕለት ማስረዳት ስላልቻልኩ እዚህ ልሞክር።

ከ330ው ልጀምር። ቁጥሩ እውነተኛ ነው። የዲቪ ዕድለኛ ለቪዛው በነፍስ ወከፍ 330 ዶላር ሲከፍል ኖሯል። የሚከፈለው ግን ለቃለ መጠይቅ በተቀጠሩበት ቀን፣ ኤምባሲው ውስጥ፣ በአካል ቀርቦ ነው። አስቀድሞ በሐዋላ፣ በባንክ ወይም በሰው እጅ የሚላክ ክፍያ የለም። አጭበርባሪው ቁጥሩን አልፈጠረውም፤ ከራሱ ከመንግሥቱ ገጽ ነው የቀዳው። የሐሰተኛ ድረ ገጽ አሠራር ይህ ነው፤ ከአሥር ነገር ዘጠኙ እውነት ይሆንና አሥረኛው፣ ገንዘቡ የሚሄድበት፣ ውሸት ይሆናል። ስለዚህ እውነት መቁጠር ብዙ አያዋጣም። ዘጠኙን አመሳክሮ የተደሰተ ሰው አሥረኛው ላይ ሲደርስ ጥርጣሬውን ጨርሷል።

የዲቪ ሥርዓት ራሱ ግልጽ ነው። ሕጉ እ.ኤ.አ. በ1990 ወጣ፣ ዕጣው በ1995 የበጀት ዓመት ተጀመረ፣ በዓመት እስከ 55,000 ቪዛ ተመደበለት። በፖስታ ይላክ የነበረው ማመልከቻ እ.ኤ.አ. ከ2003 መጨረሻ ጀምሮ በኢንተርኔት ብቻ ሆነ። የሞላ ሰው የማረጋገጫ ቁጥር ይሰጠዋል፤ እኛ «ኮንፈርሜሽን» የምንለው። ውጤቱን በዚያ ቁጥር፣ በዚያው ድረ ገጽ፣ ራሱ ገብቶ ያያል። «ደርሶሃል» ብሎ የሚጽፍለት መሥሪያ ቤት የለም፤ በደብዳቤም፣ በኢሜይልም፣ በቴሌግራምም። ይህን ብቻ ያወቀ ሰው የእማማን መልእክት ሳይከፍተው ይሰርዘዋል።

ችግሩ ግን እንዲህ ያለ እውቀት ያረጃል። ለብዙ ዓመታት «ለምዝገባ ገንዘብ የጠየቀህ ሁሉ ሌባ ነው» ስንባባል ኖረናል፤ ምዝገባው በነፃ ስለነበር ምክሩ ልክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለምዝገባ 1 ዶላር እንዲከፈል የሚል ደንብ አወጣ። የድሮውን ምክር በቃሉ የያዘ ሰው በዚህ ደንብ እውነተኛውን ገጽ ሌባ ብሎ ይሸሻል፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ አጭበርባሪው «ሕጉ ተቀይሯል፤ አሁን ይከፈላል» ሲለው ያምነዋል። ስለዚህ የሚያረጀውን ትቶ የማያረጀውን መያዝ ያሻል። በእኔ ግምት ከማያረጁት አንዱ ስም ማንበብ ነው።

እኛ አገር ሰው በመጀመሪያ የራሱ፣ ቀጥሎ የአባቱ፣ ከዚያ የአያቱ ስም ይጠራል። የድረ ገጽ አድራሻም የተሠራው ልክ በዚህ ሥርዓት ነው። ፈረንጅ የገዛ ስሙን በእኛ መንገድ ባይጠራም ኮምፒውተሩን ግን በእኛ መንገድ ሰየመው። የዲቪ እውነተኛ አድራሻ ሲነበብ «ዲቪፕሮግራም ነጥብ ስቴት ነጥብ ጎቭ» ነው። ዲቪፕሮግራም ልጅ ነው፣ ስቴት አባት፣ ጎቭ አያት። ልጅን ማንም እንዳሻው ይሰይማል፤ እኔም ነገ አንድ አድራሻ ብገዛ ልጄን «ዲቪፕሮግራም» ብዬ ልጠራው እችላለሁ፤ የሚከለክለኝ የለም። የአባትን ስም ግን ከአያት አስፈቅዶ ማስመዝገብ ግድ ነው፤ በአንድ አያት ሥር የተመዘገበ የአባት ስም ደግሞ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው።

አያቶች ግን አንድ ዓይነት ጠባይ የላቸውም። ጎቭ ቆንቋና ነው፤ የአሜሪካ የመንግሥት አካል ካልሆነ ማንንም ልጅ አያደርግም፤ እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ የሚያስተዳድረውም የአገሪቱ የሳይበር ደህንነት ኤጀንሲ ነው። ኮም እጀ ሰፊ ነው፤ በአብዛኛው ጥቂት ዶላር የያዘን ሁሉ ሳይጠይቅ ይቀበላል። ኔትም እንደዚያው። ኦርግ በብዙ ሰው ዘንድ የበጎ አድራጎት ስም አለው፤ ነገር ግን እሱም ለማንም ክፍት ነው፤ መልካም ስሙን በከንቱ ነው የሚሸከመው። የእኛው ኢቲ በኢትዮ ቴሌኮም ይተዳደራል፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አድራሻ «ጎቭ ነጥብ ኢቲ» ብሎ ያበቃል፤ እዚያ ላይ አያትና ቅድመ አያት አብረው ተጠሩ ማለት ነው።

ይህን የያዘ ሰው የአጭበርባሪውን ተንኮል ግማሹን ያየዋል። ለምሳሌ አድራሻው «ዲቪፕሮግራም ሰረዝ ስቴት ሰረዝ ጎቭ ነጥብ ኮም» ይሆናል። ዓይን «ስቴት» እና «ጎቭ» የሚሉትን አይቶ ይረካል። ነገር ግን ትውልድ የሚቆጠረው በነጥብ ነው፤ ሰረዝ ዘመድ አያደርግም። ይህ ሰው ስሙን «አበበ-ከበደ-ተሰማ» ብሎ ባንድ ትንፋሽ ያወጣ የኮም ልጅ ነው። ሌላው ደግሞ «ስቴት ነጥብ ጎቭ ነጥብ እንትን ነጥብ ኮም» ብሎ ይመጣል። እዚህ ነጥቦቹ እውነተኛ ናቸው፤ ግን ከኋላ ስንቆጥር አያቱ ኮም፣ አባቱ እንትን ነው፤ ስቴትና ጎቭ ማንም የሰየማቸው ልጆች ናቸው። እኛ ከፊት ጀምረን ማንበብ ስለለመድን የምናውቀውን ቃል ስናገኝ ወደ መጨረሻው ሳንደርስ እናቆማለን። ከመጀመሪያው ነጠላ እዝባር (/) በኋላ የሚመጣው ሁሉ ደግሞ የቤት ዕቃ ነው፤ ዝርያን አይናገርም።

የአያት ለውጥ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከእኛው ታሪክ አንድ ምሳሌ አለ። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 ባወጣው ጥናት፣ በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የመንግሥት ተቃዋሚዎች በኢሜይል ሊንክ ይላክላቸው እንደነበር ገልጿል። ሊንኩ የሚወስደው ኢስትአፍሮ የተባለውን የቪዲዮ ገጽ ወደሚመስል ቦታ ነበር። እውነተኛው ኢስትአፍሮ ነጥብ ኮም ነው፤ የተላከው ኢስትአፍሮ ነጥብ ኔት። የአባት ስም ያው፣ አያት ሌላ። ገጹ ቪዲዮውን ለማየት አዶቤ ፍላሽን አድሱ ይላል፤ ያደሰ ሰው የሚጭነው ግን የስለላ ሶፍትዌር ነው። ከዒላማዎቹ መካከል ጃዋር መሐመድ ይገኝበታል። ሶፍትዌሩ ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ ሥራ ነበር፤ አጥኚዎቹ ጣታቸውን የቀሰሩት በወቅቱ የኢትዮጵያ መንግሥት አካላት ላይ ነው። እነዚያ ሰዎች የዋህ አልነበሩም፤ የሚታደኑ መሆናቸውን የሚያውቁ፣ ሲጠራጠሩ የሚውሉ ሰዎች ነበሩ። በእውነተኛውና በሐሰተኛው ገጽ መካከል የቆመችው አንዲት ቃል ናት፤ ኮም ወይስ ኔት።

ለጋብቻ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ለድረ ገጽ ሁለት ቤት ይበቃል፤ እሱንም ስንቶቻችን እንቆጥራለን?

ስም ማንበብ ግን ዳር አለው፤ ይህን መደበቅ ተገቢ አይደለም። በእኛ ፊደል ድምፁ አንድ ሆኖ መልኩ የሚለያይ «ሀ»፣ «ሐ»፣ «ኀ» አለ። በፈረንጆቹ ዘንድ ደግሞ መልኩ አንድ ሆኖ ፊደሉ የሚለያይ አለ፤ የላቲኑ «ኤ» እና የሩሲያው «አ» በስክሪን ላይ መንታ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ የደህንነት ተመራማሪ በሩሲያው ፊደል ቤተሰብ (በሲሪሊክ) ብቻ «አፕል» የሚል የሚመስል አድራሻ አስመዝግቦ፣ በጊዜው የነበሩ አንዳንድ ማሰሻዎች ከእውነተኛው ሳይለዩ እንደሚያሳዩት አስመስክሯል። ማሰሻዎቹ ከዚያ ወዲህ ቀዳዳውን አጥብበውታል። ያም ሆኖ ለባንክ፣ ለቪዛና ለመንግሥት አገልግሎት ሰው የላከውን ሊንክ ከመንካት አድራሻውን በገዛ ጣት መጻፍ ይሻላል። ጣት የሩሲያ «አ» አይጽፍም።

ወደ ማኅተሙ ልመለስ፤ የእማማ ዋና መከራከሪያ እሱ ነበርና።

እኛ በማኅተም ያደግን ሕዝብ ነን። ክብ ማኅተም ያላረፈበት ወረቀት በየትኛው መስኮት ይስተናገዳል? ፊርማ እንኳ ያለ ማኅተምና ቲተር ጎደሎ ነው። ይህ ልማድ በወረቀት ዘመን ስንፍና አልነበረም። ማኅተም አስመስሎ ለመቅረጽ ቢያንስ አንድ ቀራጭ በምስጢር ማባበል ያስፈልግ ነበር፤ ያ ድካም ራሱ ጥበቃ ነው። ስክሪን ላይ ግን ድካሙ ጠፍቷል። ንስሩን ከእውነተኛው ገጽ ገልብጦ መለጠፍ የአንድ ሰከንድ ሥራ ነው፤ አርማ፣ ባንዲራ፣ የሚኒስትር ፎቶ፣ የባንክ ቀለም፣ ሁሉም እንዲሁ። በስክሪን ላይ ያለ ማኅተም የሚያረጋግጠው ገጹን የሠራው ሰው ምስል መቅዳት እንደሚችል ብቻ ነው።

ከአድራሻው ጎን ትታይ የነበረችውን ትንሽ ጓጉንቸርም ብዙ ሰው በማኅተም ቦታ አስቀምጧታል፤ በየሥልጠናው «ቁልፉን እዩ» ስንባል ኖረናል። ጓጉንቸሯ የምትለው አንድ ነገር ነው፤ በአንተና በገጹ መካከል የሚያልፈው መልእክት ታሽጓል፣ መንገድ ላይ የሚያነበው የለም። ደብዳቤው የሚደርሰው ሰው ማን እንደሆነ አትናገርም። ለሌባ የተላከ ደብዳቤም ይታሸጋል። እ.ኤ.አ. ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ይህን ማሸጊያ በነፃ ይሰጣል። ለዓለም ትልቅ ውለታ ነው፤ ከተቀባዮቹ መካከል ግን አጭበርባሪዎችም አሉበት። የአሜሪካው ኤፍቢአይ በሰኔ 2019 ጓጉንቸሯን አይታችሁ አትመኑ ብሎ ሕዝቡን አስጠነቀቀ። ጉግል በ2021 ባደረገው ጥናት ትርጉሟን በትክክል የተረዱት ከተሳታፊዎቹ 11 ከመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። በመጨረሻ በመስከረም 2023 ክሮም ጓጉንቸሯን ከአድራሻው ጎን አንሥቶ በሌላ ምልክት ተካት። ያሳዩን የነበሩት ሰዎች ራሳቸው ተስፋ የቆረጡባትን ምልክት እኛ አሁንም እናስተምራታለን።

በመልክ መፍረድ የእኛ ብቻ ድክመት እንዳይመስል አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2002 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 2,684 ሰዎች የድረ ገጾችን ተአማኒነት እንዲመዝኑ አድርገው አስተያየታቸውን ሰበሰቡ። ሰዎች በብዛት ያነሡት ገጹን ማን እንዳዘጋጀው ወይም መረጃው ከየት እንደመጣ አልነበረም። ከአስተያየቶቹ 46.1 ከመቶው ስለ ገጹ መልክ ነው፤ ስለ ቀለሙ፣ ስለ አቀማመጡ፣ ስለ ፊደሉ። ዛሬ ደግሞ መልክ ከመቼውም ጊዜ ይልቅ ርካሽ ሆኗል።

ከዚህ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ እዚያው ስታንፎርድ ከ15 ዓመት በኋላ የተደረገው ነው። ሳም ዋይንበርግና ሣራ ማግሩ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት 45 ሰዎችን ኮምፒውተር ፊት አስቀመጡ፤ 10 ዶክትሬት ያላቸው የታሪክ ምሁራን፣ 10 የመገናኛ ብዙኃን መረጃ አጣሪዎች፣ 25 የስታንፎርድ ተማሪዎች። የማያውቋቸውን ድረ ገጾች እንዲመዝኑ ተጠየቁ። ዕድሜያቸውን ሰነድ ሲመረምሩ የኖሩት ምሁራንና እነዚያ ጎበዝ ተማሪዎች በአርማና በአድራሻ እየተታለሉ ተቸገሩ። ገጹን ከላይ እስከ ታች በጥንቃቄ አነበቡት፤ «ስለ እኛ» የሚለውን ከፈቱ፤ አርማውን አዩ። አጣሪዎቹ ግን ገጹን አየት አድርገው ጥለውት ወጡ! ሌላ መስኮት ከፍተው ስለ ባለቤቱ ሌሎች ምን እንደሚሉ ፈለጉ። በጥቂት ጊዜ ውስጥ የተሻለ ፍርድ ሰጡ።

ለእኛ ይህ አዲስ ነገር መሆን አልነበረበትም። ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲመጣ የልጅቱ ቤተሰብ ምን ያደርጋል? በተቀመጡበት ስለ ሙሽራው የሚነገረውን ውዳሴ ያዳምጣል፤ ግን በዚያ ቀን እሺ አይልም። «ቀጠሮ ስጡን» ይላል። ቀጠሮው ለይስሙላ አይደለም፤ ወደ ልጁ ሰፈር ሰው ይላካል፣ ጎረቤት ይጠየቃል፣ ዘር ይቆጠራል። ሙሽራው ስለ ራሱ እንዲመሰክር ማንም አይጠብቅም። ድረ ገጽ ስለ ራሱ የሚናገር ሙሽራ ነው፤ «ስለ እኛ» የሚለው ገጹም የሽማግሌው ንግግር። እማማ ስልኩን ይዘው ወደ እኔ ሲመጡ ያደረጉት ይህንኑ ነበር፤ ከገጹ ወጥተው ጎረቤት ጠየቁ። ከማኅተሙም ከ330ውም ይልቅ የጠቀማቸው እሱ ያልኩት ለዚህ ነው። ከታሪክ ምሁራኑ ይሻላሉ ማለቴ አይደለም፤ በዚያች ቀን ግን ተሽለዋል።

አጭበርባሪም ቀጠሮን የሚፈራው ስለዚህ ነው። «በሦስት ቀን»፣ «ዛሬ ማታ ይዘጋል»፣ «ሁለት ቦታ ቀርቷል» የሚለው ሰው ገንዘቡ ስለጠፋበት አይጣደፍም፤ ጎረቤት እንዳትጠይቅ ነው። እውነተኛ መሥሪያ ቤትም ቀነ ገደብ አለው፣ እርግጥ ነው። ግን የመሥሪያ ቤት ቀነ ገደብ ለሁሉም አንድ ነው፤ ለአንድ ሰው ተብሎ በቴሌግራም አይቆጠርም።

በኢንተርኔት ጎረቤት የሚጠየቅበት መንገድ አለ። የአንድ አድራሻ አባት መቼ እንደተመዘገበ በነፃ ይታያል፤ «20 ዓመት ያገለገልን» የሚል ድርጅት አድራሻው የተመዘገበው ባለፈው ወር ከሆነ የቀረውን መጠየቅ አያስፈልግም። እዚህ አገር ነጋዴ ነኝ የሚል ቲን ቁጥሩን ይስጥ፤ የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር የበይነ መረብ አገልግሎት ላይ የንግድ ፈቃድ በቁጥሩ ይፈለጋል። ፈቃድ መኖሩ ሐቀኛ ነው ማለት አይደለም፤ ቢያንስ ግን የሚከሰስ አካል አለ ማለት ነው። በሰው ቋንቋ፣ ዋስ።

የጎረቤት ወሬም ግን ይገዛል። የፍለጋ ውጤት ላይ መጀመሪያ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ማስታወቂያ ነው፤ ትልቁ ሳይሆን የከፈለው ይቀድማል። ለገና ወይም ለጥምቀት ወደ አገር ቤት የሚመጣ የውጭ ፓስፖርት ያለው ወገናችን ይህን በደንብ ያውቀዋል። የኢትዮጵያ የኤሌክትሮኒክ ቪዛ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ «ኢቪዛ ነጥብ ጎቭ ነጥብ ኢቲ» ላይ ይሰጣል። ሲፈለግ ግን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ የለበሱ ሌሎች ገጾች ይደረደራሉ። አንዳንዶቹ ሌቦች አይደሉም፤ ደላሎች ናቸው። ማመልከቻህን ተቀብለው እውነተኛው ገጽ ላይ ይሞሉልህና ከመንግሥት ክፍያው በላይ የራሳቸውን ይደርባሉ። ቪዛው ይመጣል፤ ፓስፖርትህ ግን በማታውቀው ሰው ኮምፒውተር ውስጥ ቀረ። ይህን ማጭበርበር እንበለው? እኔ እላለሁ፤ ደላላነቱን በደቃቅ ፊደል ከሥር ጽፎ ከላይ የአገር ባንዲራ ካውለበለበ። ሌላ ሰው ሊከራከረኝ ይችላል።

አንድ የውጭ አገር ምክር እኛ ዘንድ ፈጽሞ አይሠራም፤ «የፊደል ግድፈት ያለበትን ገጽ አትመኑ» የሚለው። በአማርኛ እንዲህ ከሆነ ማንን ልናምን ነው? የመንግሥት ማስታወቂያ በግድፈት ተሞልቶ በሚወጣበት አገር ጥሩ አማርኛ የጻፈው ገጽ እንዲያውም ሊያጠራጥር ይችላል። አሁን ደግሞ ማሽን በየቋንቋው የተስተካከለ ዓረፍተ ነገር ያመርታል፤ የእማማ መልእክት አንድ ግድፈት አልነበረበትም።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ቅሬታም አለኝ። የሕዝቡን ዓይን ያበላሹት አጭበርባሪዎች ብቻ አይደሉም። ድረ ገጽ ኖሯቸው የማይከፈት፣ ተከፍቶም የሦስት ዓመት ዜና የሚያሳይ፣ ማስታወቂያቸውን በቴሌግራም ብቻ የሚለጥፉ፣ ሥራ አመልካችን በነፃ ኢሜይል አድራሻ ማስረጃ ላኩ የሚሉ መሥሪያ ቤቶች ስንት ናቸው? ዜጋው እውነተኛውን ነገር ከቴሌግራም ከለመደ ሐሰተኛውም ከዚያው ሲመጣ በምን ይለየዋል? አያት ያለው ሰው በአያቱ ስም ካልተጠራ አያት የሌለው ሰው ስሙን ቢዋስ ማን ይነቃበታል? የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ አለን። አዋጁ ግን ገንዘቡ ከሄደ በኋላ የሚመጣ ነው።

ገንዘብ የሄደበት መንገድ ደግሞ ወሳኝ ነው። በሐዋላ ለግለሰብ፣ በስጦታ ካርድ ቁጥር፣ በክሪፕቶ የተላከ ገንዘብ ከወጣ ተመልሶ አይመጣም ማለት ይቻላል። በካርድ የተከፈለ ቢያንስ የሚከራከሩበት ባንክ አለው። አሜሪካውያን፣ ያ ሁሉ ባንክና ጠበቃ እያላቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ለፌዴራል የንግድ ኮሚሽናቸው ያመለከቱት በማጭበርበር የጠፋ ገንዘብ 12.5 ቢሊዮን ዶላር ነበር። እማማና ልጃቸው ቢታለሉ የት ያመለክታሉ?

ያን እሑድ ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ እውነተኛውን ገጽ ራሴ ጽፌ ከፈትኩና «የኮንፈርሜሽን ቁጥሩን ያምጡ» አልኳቸው። የላቸውም። ልጅቱም የላትም። ገጹ ቁጥሩ ለጠፋበት ሰው መንገድ አለው፤ ስም፣ የልደት ቀንና ሲሞላ የተሰጠው ኢሜይል ይጠየቃል።

«ኢሜይሉ የማን ነበር?»

እማማ ልጃቸውን በስልክ ጠየቋት። «የኢንተርኔት ቤቱ ልጅ የራሱን አስገባልኝ፤ ያንቺ አያስፈልግም አለኝ» አለች።

በማግስቱ አብረን ሄድን። በሩ ላይ «ዲቪ እንሞላለን» የሚለው ወረቀት ፀሐይ አንጥቶት አሁንም ተለጥፏል። ልጁ ከጠረጴዛው ሥር ወፍራም ደብተር አወጣ፤ በየገጹ ስም፣ ስልክ፣ ረጅም ቁጥር በሰማያዊ እስክሪብቶ ተደርድሯል። ጣቱን እያንሸራተተ ወረደ። «አገኘኋት፤ 200 ብር» አለ። እማማ ያለ አንድ ጥያቄ ከመቀነታቸው ፈትተው ሰጡት። ደረሰኝ አልጠየቁም፣ እሱም አልሰጠም።

ቁጥሩን በስልኬ አስገባሁ። አልተመረጠችም ይላል። እማማ ጽሑፉን እንዳነብላቸው ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ። ከዚያ ልጁ ቁጥሩን የጻፈበትን ቁራጭ ወረቀት አራት አጥፈው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት፤ ወደ ልጁም ዞር ብለው «የዘንድሮው መቼ ነው የሚሞላው?» አሉት።